«እንደ ፈለግክ» ያለችኝ ሚስቴና የስፖርት መኪናው

ጥያቄ፦ ሰላም ለእርስዎ ይሁን መምህር። ዕድሜዬ አርባን አልፏል፣ ባለትዳርና የሁለት ልጆች አባት ነኝ፣ እናቴም ከእኛ ጋር ትኖራለች። አራት በር ያላት፣ አስቸግራኝ የማታውቅ የቤት መኪና አለችኝ። ከልጅነቴ ጀምሮ የምመኘው ግን ሁለት በር ያለው የስፖርት መኪና ነው። አሁን ያለችኝን አስረክቤ ልዩነቱን በብድር ለመክፈል አስቤአለሁ። ለባለቤቴ ስነግራት «እንደ ፈለግክ» አለችኝ። አንድ ወንድም ደግሞ «ይሄ ዓለማዊነት ነው» ብሎ አስፈራራኝ። ኃጢአት ይሆንብኛል?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ሰላም ለአንተም ይሁን። መኪናው ኃጢአት አይደለም። ብረትና ጎማ ነው። በር ሲቀንስ ኃጢአት የሚጨምር ቢሆን ኖሮ ሞተር ሳይክል ነጂ ሁሉ አልቆለት ነበር።

እውነቱን ልንገርህና እኔም አንዱ የስፖርት መኪና ድምፁን እያሰማ ሲያልፍ አንገቴ ይዞራል። ያማረ ነገር ያምራል፣ ምን ይደረግ። ቅዱስ ጳውሎስ ባለጠጎች በሚያልፍ ሀብት ተስፋ እንዳያደርጉ እዘዛቸው ብሎ ለጢሞቴዎስ ይጽፍና እዚያው ላይ እግዚአብሔርን «ደስም እንዲለን ሁሉን አትርፎ በሚሰጠን» ይለዋል (1ኛ ጢሞ. 6፥17)። ማስጠንቀቂያውም ደስታውም አንድ ቁጥር ውስጥ ናቸው። ያ ያስፈራራህ ወንድም ግማሹን አንብቦ የዘጋው ይመስለኛል።

ይልቅ የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 8ን አስበው። ጃንደረባው በሰረገላ ተቀምጦ ኢሳይያስን ያነብባል። በዚያ ዘመን ሰረገላ የተራ ሰው መጓጓዣ አልነበረም። ፊልጶስ ሮጦ ደረሰበት፣ ግን «መጀመሪያ ይሄን ሽጥና እንነጋገር» አላለውም። ጃንደረባው ነው ወጥቶ አብሮት እንዲቀመጥ የለመነው፤ ፊልጶስም ወጣ። ልብ አልክ? ቦታ ነበረው። ጥያቄህን ሳነብ ቶሎ የመጣብኝ ይሄ ነው፦ አንተ የምትገዛው ውስጥ ማን ይቀመጣል?

ብዙዎቹ ሁለት በር የስፖርት መኪኖች ወይ ከነጭራሹ የኋላ ወንበር የላቸውም፣ ወይ ያለው ለስሙ ያህል ነው። ማዝዳ ኤምኤክስ 5 የሚይዘው ሁለት ሰው ነው፣ አለቀ። ፖርሽ 911 ኋላ ሁለት ወንበር አለው ይባላል፤ አዋቂ ሰው ግን ጉልበቱን አገጩ ድረስ ካላመጣ አይቀመጥበትም። እስቲ እናትህን አስባቸው። አንተ የፊቱን ወንበር ወደፊት ታጥፋለህ፣ እሳቸው ጎንበስ ብለው በዚያች ክፍተት ይገባሉ፣ መኪናው ደግሞ ዝቅ ያለ ነው፣ መውጣቱ ከመግባቱ ይብሳል። ሦስት አራት ጊዜ ከሞከሩ በኋላ «እኔ ቤት ልዋል፣ እናንተ ሂዱ» ማለት ይጀምራሉ። ቅር ብሏቸው እንኳ አይነግሩህም። ቤተ ክርስቲያን የሚወስዳቸው ማነው ታዲያ? አራት በር ያላት መኪናህ ያን ሁሉ ሥራ ስትሠራ ኖራለች፣ ምስጋና ግን አላገኘችም።

አሁን ወደ «እንደ ፈለግክ» እንምጣ። ወንድሜ፣ በትዳር ውስጥ ይሄ ቃል ፈቃድ አይደለም። አንዳንዴ ድካም ነው፣ አንዳንዴ «ብናገርም አትሰማኝም» ነው፣ አንዳንዴ ደግሞ ከሁለት ዓመት በኋላ «እኔማ ያኔም ነግሬህ ነበር» ተብሎ የሚወጣ ቀጠሮ ነው። በተክሊልም ሆነ በቁርባን ሁለታችሁ አንድ ሥጋ ከሆናችሁ በኋላ ዕዳው የሁለታችሁ ነው። ስለዚህ ሌላ ቀን ልጆቹ ሲተኙ ስልክህን አስቀምጥና ጠይቃት። ግን «ልግዛ ወይስ አልግዛ» ብለህ አይደለም፤ «ምን ያሳስብሻል» ብለህ ነው። መልሱ ደስ ባይልህም አታቋርጣት። ከቻላችሁ አብራችሁ የንስሐ አባታችሁ ጋ ሂዱ፤ እሳቸው ስለ ሞተር ላያውቁ ይችላሉ፣ ስለ እናንተ ግን ያውቃሉ።

ብድሩን አልወደድኩትም። የሚያስፈልግ ነገር ሆኖ ብትበደር አንድ ነገር ነው፤ ለደስታ መበደር ሌላ ነው። ምሳሌ 22፥7 «ተበዳሪም የአበዳሪ ባሪያ ነው» ይላል። ጌታም ግንብ ሊሠራ የሚፈልግ ሰው አስቀድሞ ተቀምጦ ወጪውን እንዲቆጥር በሉቃስ 14 ተናግሯል፤ አንተም ቁጠር። የመሸጫ ዋጋውን ብቻ አትይ። ኢንሹራንሱ አብዛኛውን ጊዜ ይጨምራል፣ ሰፋፊው ጎማ ውድ ነው፣ ብዙዎቹ የተሻለ ደረጃ ያለው ነዳጅ ነው የሚጠይቁት።

ፍጥነቱንም ማለፍ አልችልም። በ2ኛ ነገሥት 9፥20 ላይ ጉበኛው ገና ከሩቅ የእስራኤልን የጦር አለቃ ኢዩን የለየው በሰረገላ አነዳዱ ነው፤ በችኮላ ይነዳ ነበርና። (በነገራችን ላይ ዘዳግም 17 ንጉሥ ፈረስ እንዳያበዛ ይከለክላል። አንተ ኮፈኑ ስር ሦስት መቶ የፈረስ ጉልበት ብታስገባ ሕጉ አይመለከትህም፣ ንጉሥ አይደለህማ።) ግን የፊዚክስ ሕግ ይመለከትሃል፦ ፍጥነትህ እጥፍ ሲሆን መኪናው የሚሸከመው ጉልበት አራት እጥፍ ይሆናል፣ ፍሬን ይዘህ እስክትቆም የምትሄደው ርቀትም እንደዚያው። የሰው ሕይወት ላይ መቀለድ ሲጀመር ያኔ ኃጢአት ነው፣ በየትኛውም መኪና።

ውዳሴ ከንቱን በተመለከተ ራስህን የምትመረምርበት ቀላል መንገድ ልስጥህ። መኪናው ከተገዛ ሳምንት ሆነው እንበል። ልጅህ በብስክሌቱ ሊያልፍ ሲል በመሪው ጫፍ በሩን ከዳር እስከ ዳር ጫረው። ድምፁን ሰምተህ ወጣህ። ከአፍህ የሚወጣው የመጀመሪያ ቃል ምንድን ነው? ሌላም አለ፦ ማንም እንደማያይህ ብታውቅ፣ ፎቶውንም ለማንም እንደማትልክ ብታውቅ፣ ያኔም ትገዛዋለህ? «አዎ፣ መንዳቱን ስለምወድ» ካልክ ጥሩ ነው፤ እንዲህ ያለ ሰው አለ።

እና ምን ላድርግ ካልከኝ፣ አትቸኩል። ጉልበት ያለው ሞተር ኖሮት አራት በር ያለው መኪናም አለ፣ እሱንም እይ። ወይም ብድሩን ተወውና ልዩነቱን በየወሩ አስቀምጥ፤ ከዓመት በኋላም ፍላጎቱ ካልበረደ ያኔ በራስህ ገንዘብ ይሆናል። ግን ከሁሉ በፊት ባለቤትህን፣ ልጆቹንና እናትህን ይዘህ መኪናው ያለበት ድረስ ሂድ። የልጁን መቀመጫ ከራስህ መኪና ፈትተህ እዚያ እሰረው። እናትህን ከኋላ አስቀምጣቸውና በሩን ዝጋ። ሲወጡ ምን እንዳሉ ጻፍልኝ።