በወረርሽኝ ጊዜ የጤና ፋውንዴሽን ለማን ይደርሳል? ጥያቄዎቻችሁና መልሶቼ

ኮሮና ሲገባ በአንድ የጤና ፋውንዴሽን ውስጥ ድጋፍ ከሚያከፋፍሉት ሠራተኞች አንዷ ነበርኩ። ስለዚያ ጊዜ ጠይቁኝ ብዬ ነበር፤ ጥያቄው ጎረፈ። የሚመሳሰሉትን አንድ ላይ አድርጌ እመልሳለሁ።

ጥያቄ፦ ፋውንዴሽን ከኤንጂኦ በምን ይለያል?

ብዙ ጊዜ ፋውንዴሽን የራሱ ሀብት አለው። ሀብቱ ኢንቨስት ይደረጋል፤ ከሚገኘው ትርፍ በየዓመቱ ይሰጣል። ኤንጂኦው ሥራውን ይሠራል፤ ፋውንዴሽኑ ወጪውን ይሸፍናል። ሁለቱንም የሚሠሩም አሉ።

ጥያቄ፦ ለሁሉም እኩል ማካፈል እያለ «ለእነ እገሌ ቅድሚያ» ማለት አድልዎ አይሆንም?

ይህን ብዙዎቻችሁ አንስታችኋል፤ ረዘም ላድርገው። «ከቤት አትውጡ» የሚለው መመሪያ ለሁሉም እኩል ነበር። በኮምፒውተር የሚሠራው ሰው ቤቱ ተቀመጠ። የጽዳት ሠራተኛዋ፣ ሾፌሩና የቀን ሠራተኛው ግን ካልወጡ አይበሉም። «ራሳችሁን ለይታችሁ ቆዩ» ተባለ፤ ስድስት ሆነው በአንድ ክፍል የሚኖሩት የት ሄደው ይለዩ? «እጃችሁን ታጠቡ» ተባለ፤ ውሃ የሌለውስ? መመሪያው አንድ ነበር፤ ጉዳቱ ግን አንድ አልሆነም።

መሣሪያው ራሱ የሚያዛባበት ጊዜም አለ። ጣት ላይ የሚደረገውን የኦክስጅን መለኪያ ታውቁታላችሁ። እ.ኤ.አ. በ2020 መጨረሻ አሜሪካ ውስጥ አንድ ጥናት ወጣ። መሣሪያው ሳያሳየው የሚያልፈው የኦክስጅን እጥረት በጥቁር ሕመምተኞች ላይ ከነጮቹ ሦስት እጥፍ ገደማ ሆኖ ተገኘ። ቁጥሩ ደህና ነህ ይለዋል፤ ሰውየው ግን ትንፋሽ አጥሮታል። ይህን ሳነብ እንቅልፍ አጣሁ።

ዌልስ ውስጥ ይሠራ የነበረው ሐኪም ጁልያን ቱዶር ሃርት ነገሩን እ.ኤ.አ. በ1971 ጽፎታል። ጥሩ ሕክምና አብዝቶ የሚገኘው እምብዛም በማያስፈልጋቸው ሰዎች ዘንድ ነው ይላል። ቅድሚያ የምንሰጠው ይህ መዛባት ስላለ ነው።

ጥያቄ፦ መንግሥት እያለ እናንተ ምን ትፈይዳላችሁ?

በገንዘብ መጠን ከመንግሥት ጋር አንወዳደርም። የእኛ ጥቅም ሌላ ነው። የመንግሥት እርዳታ መታወቂያ፣ አድራሻና የተመዘገበ ሥራ ይጠይቃል። እነዚህ የሌሉት ሰው ከመዝገቡ ውጭ ይቀራል። ፋውንዴሽን ግን እነዚህን ሰዎች በስም ለሚያውቃቸው ማኅበር ገንዘብ መስጠት ይችላል። ለኳራንታይን ምግብ፣ ለትራንስፖርት፣ መረጃን በየቋንቋው ለማስተርጎም፣ በየቤቱ ለሚዞሩት ወጣቶች አበል። ትንንሽ ነገሮች ይመስላሉ። የሰው ሕይወት የሚያልፈው ግን እነዚህ ሲጎድሉ ነው።

ጥያቄ፦ ትልቁ ለውጥ ያመጣው ውሳኔ የቱ ነበር?

የራሳችንን ሕግ ማላላት። አንድ የሴቶች ማኅበር ለሥልጠና የሰጠነውን ገንዘብ ለሳሙናና ለሞባይል ካርድ እናውለው ብሎ ጠየቀን። ውሉ አይፈቅድም። ማሻሻያ ጠይቁ አልናቸው። ፈቃዱ ሲደርስ ሦስት ሳምንት አልፏል። ያ ሦስት ሳምንት ዛሬም ይቆጨኛል፤ ሴቶቹ ከኪሳቸው እያዋጡ ነበር የሠሩት።

ከዚያ በኋላ ገንዘቡን ለአንድ ሥራ ብቻ ብለን መቆለፍ ተውን። ረጅሙ ፕሮፖዛል በስልክ ንግግር ተተካ። ሪፖርትም ቀነስን። እኛ ብቻ አልነበርንም። በአሜሪካ በመቶዎች የሚቆጠሩ ፋውንዴሽኖች እ.ኤ.አ. ከመጋቢት 2020 ጀምሮ ተመሳሳይ ቃል ኪዳን ፈርመዋል።

ጥያቄ፦ ክትባት እምቢ ያሉትን እንዴት አሳመናችሁ?

እህቴ፣ መጀመሪያ «እምቢ ያሉ» ከምንላቸው ብዙዎቹ እምቢ አላሉም። ጣቢያው ሩቅ ነው። ሰዓቱ የሥራ ሰዓት ነው። ምዝገባው በኢንተርኔት ነው፤ አዛውንቷ ደግሞ ስማርት ስልክ የላቸውም። ይህን ስናስተካክል ሰልፉ ረዘመ።

የቀሩት በእውነት ይጠራጠራሉ። እነሱን የሚያሳምነው የሚያምኑት ሰው ነው። የፊላደልፊያዋ የሕፃናት ቀዶ ሐኪም ዶክተር አላ ስታንፎርድ ጥሩ ምሳሌ ናት። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2020 በራሷ ገንዘብ ጀምራ በየቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ምርመራ አካሄደች። ሰዎቹ ሆስፒታል እስኪመጡ አልጠበቀችም። ፋውንዴሽን እንዲህ ያለውን ሰው ቶሎ ፈልጎ ማግኘትና ከጎኑ መቆም አለበት።

ጥያቄ፦ በሀገሮች መካከል ያለውስ ልዩነት?

ያማል። ብሪታንያ የጸደቀውን የፋይዘር ክትባት መስጠት የጀመረችው እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 8 ቀን 2020 ነው። ክትባት ለሁሉም ሀገሮች በፍትሐዊነት እንዲደርስ በተቋቋመው ዓለም አቀፍ ጥምረት፣ በኮቫክስ በኩል የተላከው የመጀመሪያው ጭነት፣ 600,000 ዶዝ፣ ጋና የደረሰው የካቲት 24 ቀን 2021 ነው። አሥራ አንድ ሳምንት! የበለጸጉት ሀገሮች ቀድመው ተዋውለው አብዛኛውን ይዘውት ነበር። ፋውንዴሽኖች እዚህ የሚጠቅሙት ቀድመው ሲገቡ ነው። ለክትባት ምርምር ገንዘብ የሚያሰባስበው ሴፒ እ.ኤ.አ. በ2017 ሲቋቋም የጌትስ ፋውንዴሽንና ዌልካም ትረስት ከመሥራቾቹ መካከል ነበሩ። ወረርሽኙ ሲመጣ ሴፒ ከኮቫክስ መሪዎች አንዱ ሆነ።

ጥያቄ፦ በመጨረሻ የሚወስኑት ሀብታሞች አይደሉም ወይ?

ልክ ነህ ወንድሜ። ገንዘቡ የማን እንደሆነ ቦርዱ ላይ ይታያል። መፍትሔው ችግሩን የሚኖሩትን ሰዎች ውሳኔው ላይ በድምፅ ማስቀመጥ ነው። ምክር ብቻ ጠይቆ መሸኘት አይበቃም። ቁጥሩንም በሰፈር፣ በፆታና በአካል ጉዳት ከፋፍሎ ማየት ያስፈልጋል። አማካይ ቁጥር ብዙ ሰው ይደብቃል።

በክፉ ቀን ካዝናን ከፈት ማድረግም ይቻላል። የአሜሪካ ሕግ የግል ፋውንዴሽን በየዓመቱ ከሀብቱ 5 በመቶ ገደማ እንዲያወጣ ያስገድዳል። በሰኔ 2020 ፎርድ ፋውንዴሽን ከዚህ በላይ ለመስጠት ቦንድ ሸጦ 1 ቢሊዮን ዶላር እንደሚበደር አስታወቀ። ብዙዎቻችን እንዲህ ደፍረን አናውቅም።

ጥያቄ፦ ትንሽ የሰፈር ማኅበር አለን። ለሚቀጥለው ወረርሽኝ ምን እናዘጋጅ?

ሦስት ነገር። አንደኛ፣ ብቻቸውን የሚኖሩ አዛውንቶች፣ የአልጋ ቁራኛ የሆኑ ሰዎችና አካል ጉዳተኞች ያሉበትን ቤት መዝግቡ። ዝርዝሩን ግን ጠብቁት፤ የሰው ምስጢር ነው። ሁለተኛ፣ ሕጋዊ ምዝገባችሁንና የባንክ ሒሳባችሁን ዛሬ ጨርሱ። በ2020 ልንሰጣቸው ፈልገን ሒሳብ ስላልነበራቸው የዘገየንባቸው ማኅበራት አሉ። ሦስተኛ፣ አሁኑኑ ለአንድ ፋውንዴሽን ደውላችሁ ተዋወቁ። የምትጠይቁት ነገር ባይኖርም ደውሉ።