እህቴ፣ «ነፃ» የሚለውን ኮድ ተጠንቀቂ

«ለ40 ሠራተኛ በኪውአር ኮድ የሚመራ የፍለጋ ጨዋታ ከከተማ ወጣ ብዬ ላዘጋጅ ነው፣ ከየት ልጀምር?» ላልሽው እህቴ። አምና የመሥሪያ ቤታችንን ሰዎች ይዤ ወደ ሱሉልታ በሚወስደው መንገድ፣ ባሕር ዛፍ ውስጥ አዘጋጅቼ ነበር። የቡድን አከፋፈሉንና ሽልማቱን አታጪውም፤ እኔ የተቃጠልኩበትን ልንገርሽ።

1. «ነፃ» የሚል የኮድ መሥሪያ ገጽ አትመኚ። ስካን ሲደረግ ፍንጭ የሚያሳይ 12 ኮድ ሠራሁ፣ አሳተምኩ፣ ላሚኔት አስደረግሁ፣ ሞከርኩ፤ ሁሉም ይሠራል። ከሳምንታት በኋላ፣ በዕለቱ፣ የመጀመሪያው ቡድን ስካን ሲያደርግ በፍንጩ ፋንታ «የሙከራ ጊዜዎ አብቅቷል፣ ይክፈሉ» አይልም? ያውም በዶላር፣ በካርድ! ጫካ መሀል ቆሜ የዶላር ካርድ ከየት ላምጣ? አለቃችን ስልካቸውን ወደ እኔ አዙረው «ፍንጩ ይሄ ነው?» አሉኝ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

ለካ ኮዱ ውስጥ የነበረው የእኔ ጽሑፍ ሳይሆን የእነሱ አድራሻ ነው። ስካን ያደረገ ሁሉ መጀመሪያ እነሱ ጋ ይሄዳል፣ ከፈለጉ ያሳልፉታል። «ዳይናሚክ» የሚሉት እሱን ነው። አንቺ «ስታቲክ» ምረጪና ፍንጩን ራሱን በ«ቴክስት» ኮዱ ውስጥ ክተቺው። ጊዜ አያልፍበትም። ስልኩ አንባቢ ካለው ኔትወርክም አያስፈልገው። ማረጋገጫው ቀላል ነው፦ ዳታሽን አጥፍተሽ ስካን አድርጊ።

እንዴት ተረፍኩ? ፍንጮቹን በደብተር ጽፌያቸው ነበር። ድንጋይ ላይ ወጥቼ «እንቆቅልህ!» ብዬ ጮህኩ። «ምን አውቅልህ!» አሉ ሁሉም በአንድ ድምፅ፤ ጨዋታው ከዚያ ወዲያ በቃል ሆነ። መልሱ ያቃተው ቡድን አገር ይሰጣል፣ በዚያውም 10 ደቂቃ ቆሞ ይቀጣል። ሒሳብ ክፍሎች ጎንደርንም ጅማንም ሰጥተው ጨረሱ። እስካሁን የሚወራው እሱ ነው እንጂ ኮዱ አይደለም፤ አንቺም ቅጣቱን ውሰጂው።

2. ፍንጩን አሳጥሪ። የእኛ አንድ ፊደል በኮዱ ውስጥ የሦስት የላቲን ፊደል ቦታ ይበላል፤ ሲረዝም ኮዱ ጥቅጥቅ ይልና አሮጌ ስልክ አያነበውም። ሁለት መስመር ይበቃል። ዙሪያውን ያለውን ነጭ ጠርዝ ማተሚያ ቤቱ እንዳይቆርጠው ንገሪ። የእኔን ልጁ «ያምራል» ብሎ ከስሩ ከረከመው፣ ስነግረው ደግሞ «ኮድ ኮድ ነው» ብሎ ተቆጣኝ! በፕላስተርም አትለጥፊው፣ የባሕር ዛፍ ቅርፊት እየተላጠ ይዞት ይወርዳል። በስተሽ በሲባጎ እሰሪው።

3. ቁልፍ ያለው ሳጥን ካለሽ መክፈቻውን ዓመተ ምሕረት አታድርጊ። እኔ «አዲስ አበባ የተቆረቆረችበት ዓመት» አልኩ። አንዱ ቡድን 1879 ብሎ ከፈተ። ሌላው በጎግል 1886 አግኝቶ ቁልፉን ሲያሽከረክር ቆየና «ሳጥኑ ተበላሽቷል» ብሎ ከሰሰኝ። ሽልማቱን ለሁለት እንድከፍል ተፈረደብኝ። ኢትዮጵያ ውስጥ ቆመን በማን አቆጣጠር ልጠይቅ ኖሯል? አሁንም እሟገታለሁ።