ቬትናምን ለመመረቂያ ጽሑፍ፦ ዕድገቱን ትተሽ ብድሩን ተከተይ

እህታችን፣ የሦስተኛ ዓመት የኢኮኖሚክስ ተማሪ ነሽ፤ «ከቬትናም ዕድገት ኢትዮጵያ ምን ትማራለች?» በሚል ርዕስ የመመረቂያ ጽሑፍ ልትሠሪ አስበሻል፤ ስትመረቂም ባንክ ወይም ገንዘብ ሚኒስቴር መግባት ትፈልጊያለሽ።

አገሯን መምረጥሽ ጥሩ ነው፤ ርዕሱ ግን በጣም ሰፍቷል። በ1986 (ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ገዢው ኮሚኒስት ፓርቲ «ዶይ ሞይ» የተባለውን የኢኮኖሚ ማሻሻያ እንዳወጀ፣ ከሦስት ዓመት በኋላም ሩዝ ትሸምት የነበረችው አገር ከ1 ሚሊዮን ቶን በላይ ወደ ውጭ እንደላከች ሁሉም ይጽፈዋል። ቀጣሪ የሚፈልገው ብድር የት እንደገባና ለምን እንዳልተመለሰ የሚከታተል ሰው ነው። ስለዚህ በዋናነት ከ2007 እስከ 2013 ያለውን ያዢ።

በጥር 2007 ቬትናም የዓለም ንግድ ድርጅትን ስትቀላቀል የውጭ ገንዘብ ጎረፈ። ማዕከላዊ ባንኩ የአገሪቱ ገንዘብ ዶንግ እንዳይወደድ ዶላሩን ገዛ፤ ለግዢው ያወጣውን ዶንግ ግን በበቂ መጠን መልሶ አልሰበሰበም። በዚያው ዓመት የባንክ ብድር ከ50 በመቶ በላይ አደገ፤ በ2008 የዋጋ ንረቱ በአማካይ 23 በመቶ ደረሰ። በዚህ መሀል የመንግሥቱ መርከብ ሠሪ ቪናሺን እየተበደረ ከሙያው ውጭ ወደሆኑ ንግዶች ሁሉ ገባ። መንግሥት በ2005 በውጭ ገበያ የሸጠውን የ750 ሚሊዮን ዶላር ቦንድ ገንዘብ ያበደረውም ለእርሱ ነበር። በ2010 ዕዳው ከ4 ቢሊዮን ዶላር አለፈ፤ በታኅሣሥ የ600 ሚሊዮን ዶላር ብድሩን የመጀመሪያ ክፍያ፣ 60 ሚሊዮኑን፣ ሳይከፍል ቀረ። አበዳሪዎቹ የያዙት መንግሥትን ለመክፈል የማያስገድድ የድጋፍ ደብዳቤ እንጂ ዋስትና አልነበረም። ይህን ልዩነት በደንብ ያዢው፤ የብድር ክፍል ውስጥ በየቀኑ ያጋጥምሻል።

ኤክሴል ላይ በየሩብ ዓመቱ የብድር ዕድገትን፣ የዋጋ ንረትን፣ የንግድ ሚዛንንና የውጭ ምንዛሪ ክምችትን አስፍሪ። ክምችቱን የስንት ወር ገቢ ንግድ እንደሚሸፍን አስልተሽ ጻፊው፤ የዶላሩ ቁጥር ለብቻው ብዙ አይናገርም። መረጃውን ከዓለም የገንዘብ ድርጅት ዓመታዊ የምክክር ሪፖርቶችና ከቬትናም ስታቲስቲክስ መሥሪያ ቤት ታገኚዋለሽ። ተማሪዎች አብዛኛውን ጊዜ የሚሳሳቱት የዓመቱን አማካይና የታኅሣሥን ንረት ሲያደባልቁ ነው፤ የ2008ቱ በታኅሣሥ ሲለካ 20 በመቶ ገደማ ነው። ሌላው፣ በ2019 አገሪቱ ከ2010 እስከ 2017 ያለውን ጠቅላላ ምርቷን እንደገና አስልታ በ25 በመቶ ገደማ ከፍ አድርጋዋለች። አሮጌውንና አዲሱን ተከታታይ ከቀላቀልሽ ዕዳው ከጠቅላላ ምርቱ አንጻር ሲለካ ሳይከፈል የተቃለለ ይመስልሻል።

ከ2013 በኋላ የተበላሸ ብድር ድርሻ ሲወርድም አትቸኩዪ። በዚያ ዓመት የተቋቋመው የመንግሥት የመጥፎ ብድር ተረካቢ ድርጅት፣ ቪ.ኤ.ኤም.ሲ.፣ የባንኮቹን መጥፎ ብድር ወለድ በሌለው የአምስት ዓመት ልዩ ቦንድ ይለውጥ ነበር። 100 ቢሊዮን ዶንግ ያስረከበ ባንክ በየዓመቱ 20 በመቶ፣ ማለትም 20 ቢሊዮን፣ ለኪሳራው መጠባበቂያ ይይዛል። ስለዚህ ብድሩ ከመዝገቡ ቢወጣም ኪሳራው ለአምስት ዓመት ተሸንሽኖ ተቀመጠ እንጂ አልጠፋም።

ኢትዮጵያን እዚህ ላይ አስገቢያት። በ2021 የተቋቋመው የዕዳና ሀብት አስተዳደር ኮርፖሬሽን የመንግሥት ድርጅቶችን ዕዳ ሲረከብ ዋናው አበዳሪ የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ነበር፤ ቪ.ኤ.ኤም.ሲ. ግን ከብዙ ባንኮች ነው የተረከበው። ሁለቱን ጎን ለጎን አድርገሽ ኪሳራው መጨረሻ ላይ ማን ዘንድ እንደሚያርፍ የሚያሳይ አንድ ምዕራፍ ከሠራሽ፣ «ዜሮ ዓመት ልምድ» የሚል የብድር ስጋት ወይም የዕዳ አስተዳደር ማስታወቂያ ሲወጣ ምዕራፉን ወደ ሁለት ገጽ አሳጥረሽ ከሲቪሽ ጋር አያይዢው። ሰንጠረዡንም በፍላሽ ይዘሽ ሂጂ፤ ስለ ስሌቱ መጠየቅሽ አይቀርም።