ሳጥን ሙሉ የድሮ ኮሚክስ አገኘሁ፣ ምን ያወጣል?

ጥያቄ፦ አጎቴ በተወልኝ ሳጥን ውስጥ የድሮ ኮሚክሶች (ታሪክን በሥዕል የሚነግሩ መጽሔቶች) እና ሌሎች መጽሔቶች አገኘሁ። የአንዱ ሽፋን ተቀዷል፣ በፕላስተር ላጣብቀው? ዋጋቸውንስ በምን አውቃለሁ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ፕላስተሩን ወዲያ በለው! ሙጫው ውሎ አድሮ ወረቀቱን ያበላሸዋል፣ ዋጋውንም ይጥለዋል። እንዳለ ተወው።

እርጅና ብቻውን ዋጋ አያመጣም። ብዙ ቅጂ የተረፈለት የ60 ዓመት መጽሔት እዚህ ግባ የሚባል ገንዘብ ላያወጣ ይችላል። በጣም የሚፈለገው ታዋቂ ገጸ ባሕርይ ለመጀመሪያ ጊዜ የወጣበት እትም ነው፤ ለምሳሌ ሱፐርማን ብቅ ያለበት የ1938ቱ (እ.ኤ.አ.) አክሽን ኮሚክስ ቁጥር 1። ግን እሱን አገኘሁ ብለህ እንዳትሸወድ! በ1974 (እ.ኤ.አ.) ከዋናው በሚበልጥ መጠን እንደገና ታትሟል፣ የውጭ ሽፋኑ ከተገነጠለ ደግሞ ቁርጥ ዋናውን ይመስላል፣ ስለዚህ በማስመሪያ ለካው።

ከዚያ መሃሉን ገልጠህ የስቴፕለር ሽቦዎቹን እይ። ዝገታቸው ወረቀቱን ነክቶታል? ገጾቹንም አንድ በአንድ ቁጠር፤ ልጆች ኩፖን ቆርጠው ያወጡበት ገጽ ብዙ ጊዜ ያጋጥማል፣ እኔን እንደሱ የሚያናድደኝ ነገር የለም።

ለዋጋው ሻጮች የሚጠሩትን አትመን። በተመሳሳይ ይዞታ ያለ ቅጂ በጨረታ በስንት እንደተሸጠ ፈልግ። እስከዚያው ከፀሐይና ከእርጥበት አርቀህ አስቀምጣቸው።