የሪፐብሊካኖች የኢሚግሬሽን ክፍፍልና ጠበቃ ያጣው ዲቪ

የአንባቢያን ጥያቄና የዝግጅት ክፍሉ መልስ
(በዚህ ዓምድ የተጠቀሱት ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ጥያቄ፦ በኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም የምኖር ጡረታ የወጣሁ መምህር ነኝ። ከብሎካችን ሥር ባለው ኢንተርኔት ቤት የዲቪ ወቅት ሲደርስ ግድግዳው ላይ ነጭ አንሶላ ይወጠርና ወጣቱ ተራ ይዞ ፎቶ ሲነሣ ያመሻል። ተራ እየጠበቁ የሚከራከሩት ደግሞ ስለ አሜሪካ ምርጫ ነው፤ «ኃይለኞቹ ካሸነፉ ዲቪ ይቀራል፣ ለስላሳዎቹ ካሸነፉ ይቀጥላል» ይባባላሉ። እኔን ያልገባኝ ግን ሌላ ነው። ከ2016ቱ ፕሬዚዳንታዊ ምርጫ በፊት ሪፐብሊካን ፓርቲ በስደተኞች ጉዳይ ለሁለት ተከፍሎ እንደነበረ አንብቤአለሁ። አንድ መስመር ከሌለው ምኑን ፓርቲ ሆነ? ክፍፍሉስ ከምን መጣ? ዲቪ ለሚሞሉ ልጆቻችንስ የትኛው ክንፍ ይሻላቸው ነበር?

መልስ፦ የተከበሩ መምህር፣ ከመጨረሻው ጥያቄዎ ልጀምርና፣ ከሁለቱ ክንፎች ለዲቪ ጥብቅና የቆመ አልነበረም። እንዲያውም ዲቪ እንዲሰረዝ ተስማምተው በረቂቅ ሕግ ያሰፈሩት በኢንተርኔት ቤቱ «ለስላሳዎቹ» የሚባሉት ናቸው። ይህ እንዴት እንደሆነ ለመረዳት ግን አስቀድሞ የፓርቲውን አሠራር ማየት ያስፈልጋል።

በእኛ ሀገር ፓርቲ ሲባል ቶሎ ወደ አእምሯችን የሚመጣው ማዕከላዊ ኮሚቴ፣ ጉባኤና የአቋም መግለጫ ነው። ኢሕአዴግ ዴሞክራሲያዊ ማዕከላዊነት ይለው በነበረው አሠራር፣ ጉዳዩ ከላይ ከተወሰነ በኋላ አባሉ በምክር ቤት ተነሥቶ በተቃራኒው ድምፅ መስጠቱ የሚታሰብ አልነበረም። የአሜሪካ ፓርቲ ግን ለእያንዳንዱ ወረዳ ዕጩ የሚመድብ ማዕከል የለውም። ማን ፓርቲውን ወክሎ እንደሚወዳደር የሚወሰነው በቅድመ ምርጫ ሲሆን፣ በዚያ የሚሳተፈው ከጠቅላላው መራጭ ጥቂቱ፣ አብዛኛውን ጊዜም በአቋሙ ጠንከር ያለው ነው። ስለዚህ አንድ ሪፐብሊካን እንደራሴ ይበልጥ የሚፈራው የፓርቲውን ሊቀ መንበር ሳይሆን፣ «ይህ ሰው ላልቷል» ብሎ ከዚያው ፓርቲ የሚነሣበትን ተፎካካሪ ነው።

ክፍፍሉን ስደተኛ በሚወዱና በሚጠሉ ሰዎች መካከል የነበረ አድርጎ ማየት ነገሩን ያዛባዋል። በአንድ በኩል የአሜሪካ ንግድ ምክር ቤት፣ ባለ ሰፋፊ እርሻዎች፣ የወተት ከብት አርቢዎች፣ ሆቴሎችና የቴክኖሎጂ ኩባንያዎች አሉ፤ እነዚህ የሚፈልጉት ሠራተኛ ነው። በሌላ በኩል የሠራተኛው መብዛት ደመወዛችንን ይጎትታል የሚል፣ ድንበር ጥሶ የገባ ሰው መጨረሻ ላይ ዜግነት ካገኘ ሕግ አክብሮ ተራ የጠበቀው ተሞኘ ማለት ነው ብሎ የሚቆጣ መራጭ አለ። ይህ መራጭ ቅሬታውን የሚያጸናበት ታሪክም አለው። ሮናልድ ሬገን በ1986 በፈረሙት ሕግ 2.7 ሚሊዮን ያህል ሰነድ አልባ ሰዎች ሕጋዊ ሲሆኑ፣ በምትኩ ሰነድ የሌለውን የሚቀጥር አሠሪ ይቀጣል ተብሎ ነበር፤ ቅጣቱ ግን እንደታሰበው አልጠበቀም። «ምሕረቱ ተሰጠ፣ ቁጥጥሩ ቀረ» የሚለው ስሞታ ከዚያ ወዲህ አልበረደም። በ2007 ጆርጅ ቡሽ ልጅዬው ተመሳሳይ ሕግ ለማጸደቅ ሲሞክሩ በሴኔቱ ድምፅ ያከሸፉባቸው ብዙዎቹ የራሳቸው ፓርቲ ሰዎች ነበሩ።

እርስዎ ያነበቡት ክፍፍል የተፋፋመው ከ2012ቱ ምርጫ ሽንፈት በኋላ ነው። ሚት ሮምኒ ከላቲን አሜሪካ ዝርያ ካላቸው መራጮች ያገኙት ድምፅ 27 ከመቶ ገደማ ብቻ ስለነበረ፣ የፓርቲው ብሔራዊ ኮሚቴ በመጋቢት 2013 ባወጣው የሽንፈት ግምገማ አጠቃላይ የኢሚግሬሽን ማሻሻያ እንዲደገፍ መከረ። አራት ሪፐብሊካንና አራት ዴሞክራት ሴናተሮችም ረቂቅ ሕግ አዘጋጁ፤ ከሪፐብሊካኖቹ ጆን ማኬይን፣ ሊንዚ ግራሃም፣ ጄፍ ፍሌክና ማርኮ ሩቢዮ ነበሩበት። ረቂቁ 11 ሚሊዮን ለሚገመቱ ሰነድ አልባዎች 13 ዓመት ያህል የሚፈጅ የዜግነት መንገድ የሚከፍት ሲሆን፣ በአንጻሩ የድንበር ጠባቂውን ቁጥር በእጥፍ ገደማ ያሳድግ ነበር። ሴኔቱ ሰኔ 27 ቀን 2013 በ68 ድጋፍና በ32 ተቃውሞ አጸደቀው። ከደገፉት መካከል ሪፐብሊካኖቹ 14 ብቻ ነበሩ፤ የሚበዙት የፓርቲው ሴናተሮች ተቃውመዋል።

ከዚያ በኋላ ረቂቁ የተወካዮች ምክር ቤት በር ላይ ቀረ። አፈ ጉባኤው ጆን ቤነር ከራሳቸው ፓርቲ አባላት አብላጫው ያልደገፈውን ረቂቅ ለድምፅ አላቀርብም አሉ። ለድምፅ ቢቀርብ ኖሮ ከዴሞክራቶቹ ጋር ጥቂት ሪፐብሊካኖች ተጨምረው ያልፍ ነበር የሚሉ ብዙዎች ናቸው፤ እኔም እንደዚያው አምናለሁ። በሰኔ 2014 ደግሞ በምክር ቤቱ ከአፈ ጉባኤው ቀጥሎ የነበሩት ኤሪክ ካንተር፣ በቨርጂንያ ቅድመ ምርጫ ዴቭ ብራት በሚባሉ ብዙም በማይታወቁ የኢኮኖሚክስ መምህር ተሸነፉ። ብራት ካንተርን ሲከሱ የከረሙት በኢሚግሬሽን ጉዳይ ለዘብ ብለዋል በማለት ነበር። ለሽንፈቱ ሌሎች ምክንያቶችም ይጠቀሳሉ፤ የተቀሩት እንደራሴዎች የተማሩት ትምህርት ግን አንድ ነበር፤ ከዚያ ወዲያ ረቂቁን የሚነካ ጠፋ።

የ2016ቱ ዕጩዎች ፉክክር የተጀመረው በዚህ አየር ውስጥ ነው። ጄብ ቡሽ ቤተሰቡን ለመመገብ ሲል ድንበር የሚያቋርጥ ሰው ይህን የሚያደርገው ከፍቅር የተነሣ ነው ብለው ስለነበር ንግግሩ እስከ መጨረሻው ተከተላቸው። ሩቢዮ ራሳቸው ካረቀቁት ሕግ ራቁና ድንበሩ ይቅደም ማለት ጀመሩ፤ ቴድ ክሩዝ ግን በክርክር መድረክ ላይ ያንኑ ረቂቅ እያነሡ ፋታ አልሰጧቸውም። በሰኔ 2015 ዶናልድ ትራምፕ ግንብ እገነባለሁ፣ ወጪውንም ሜክሲኮ ትከፍላለች ብለው ሲገቡ፣ የብሔራዊ ኮሚቴው ግምገማ የመከረውን ተቃራኒ ይዘው ነበር የመጡት። ቡሽ በየካቲት 2016 ራሳቸውን አገለሉ፤ ሩቢዮም በመጋቢት በገዛ ግዛታቸው በፍሎሪዳ ተሸንፈው ወጡ። የክፍፍሉን ዳኝነት የሰጠው ጉባኤ ወይም ኮሚቴ አልነበረም፤ የቅድመ ምርጫው መራጭ ነው።

አሁን ወደ ዲቪ እንመለስ። ዲቪን የፈጠረው ሕግ በ1990 በሪፐብሊካኑ ፕሬዚዳንት በጆርጅ ቡሽ አባትዬው የተፈረመ ሲሆን፣ በምክር ቤት ሐሳቡን ካራመዱት አንዱ ዴሞክራቱ ቻክ ሹመር ነበሩ። እኚሁ ሹመር በ2013ቱ የስምንቱ ቡድን ውስጥ ገብተው ዲቪ የሚሰረዝበትን ረቂቅ አብረው አወጡ! በረቂቁ መሠረት ዕጣው ቀርቶ በምትኩ በትምህርት፣ በሥራ ልምድና በመሳሰለው ነጥብ የሚሰጥበት ቪዛ ይተካ ነበር። ትራምፕ በ2017 ሹመርን የዲቪ ጠበቃ አድርገው ሲወነጅሏቸው፣ ፍሌክ ስምንታችንም ዲቪን ለማስቀረት ተስማምተን ነበር፣ እኔም እዚያው ነበርኩ ሲሉ መልሰዋል።

ምክንያቱ ግልጽ ነው። ሰነድ አልባዎቹ አሜሪካ ውስጥ ዘመድ፣ አሠሪና ተሟጋች ድርጅት አሏቸው፤ ሠራተኛ ፈላጊውም ገንዘብና ድምፅ አለው። ኮዬ ፈጬ ነጭ አንሶላ ፊት ቆሞ ፎቶ የሚነሣው ወጣት ግን እዚያ መራጭም ቀጣሪም የለውም። ስለዚህ ድርድር ላይ ሁለቱም ወገን ብዙ ሳያመው የሚሰጠው ዲቪን ነው። በ2013 «ለስላሳዎቹ» አሸንፈው ቢሆን ኖሮ፣ ሜሪላንድ ያሉ ሰነድ አልባ ኢትዮጵያውያን ሲደሰቱ፣ እዚህ ዲቪ የሚሞላው ወጣት በሚቀጥሉት ዓመታት የሚሞላው ነገር አይኖረውም ነበር። ጠንካራው ክንፍ ረቂቁን ሲቀብር ሳያስበው ዲቪን አተረፈ ማለት ነው። ለዲቪ ሲሉ እንዳላደረጉት ግን ግልጽ ነው፤ እነዚሁ ሰዎች በ2017 የቤተሰብ ጥሪን የሚቀንስና ዲቪን የሚያስቀር ሌላ ረቂቅ ደግፈዋል። ሩቢዮም በ2025 ዲቪን የሚያስተዳድረውን የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት በሚኒስትርነት ተረከቡ።

ጥያቄ፦ የምጽፈው ከሰበታ ነው። ዲቪን ፕሬዚዳንቱ ብቻቸውን ማስቀረት ይችላሉ ወይስ ምክር ቤት ያስፈልጋል?

መልስ፦ ዲቪ በሕግ የተቋቋመ ስለሆነ ለመሰረዝ የምክር ቤቱ ድምፅ ያስፈልጋል። ነገር ግን የ1952ቱ የኢሚግሬሽን ሕግ ፕሬዚዳንቱ የውጭ ሰዎችን መግባት «ለሀገር ጥቅም ጎጂ ነው» ብለው እንዲያግዱ ይፈቅድላቸዋል፤ የሀገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤትም በ2018 ይህን ሥልጣን ሰፋ አድርጎ ተርጉሞላቸዋል። ትራምፕ በሚያዝያ 2020 የኮሮና ወረርሽኝን ተከትሎ ባወጡት አዋጅ የዲቪ ቪዛም ታግዶ ነበር፤ እገዳውን ጆ ባይደን በየካቲት 2021 አነሡት።

በመካከሉ የተጎዱት ዕጣው የደረሳቸው ናቸው። ዕጣ የሚወጣለት ሰው ቁጥር ካለው ቪዛ ስለሚበልጥ፣ ዲቪ ደረሰው ማለት የኮንዶሚኒየም ዕጣ ወጥቶለት ቁልፍ እንዳልተረከበ ሰው መሆን ነው። የዓመቱ ቪዛ የሚሰጠው እስከ መስከረም 30፣ በእኛ መስከረም 20 ብቻ ሲሆን፣ ከዚያ ያለፈ ወደሚቀጥለው ዓመት አይተላለፍም። ስለዚህ ጥቂት ወራት ብቻ የሚቆይ እገዳ እንኳ፣ ኬዝ ነምበራቸው ትልቅ ሆኖ ለቃለ መጠይቅ መጨረሻ ላይ የሚጠሩትን ሰዎች ዕድል ለማሳለፍ ይበቃል።