የስፕሪንት አቅም እንዴት ይታቀዳል? ከባሕር ዳር ለተነሡ ጥያቄዎች የተሰጡ መልሶች

ባሕር ዳር ውስጥ በሶፍትዌር ሙያ የተሰማራን ሰዎች ሰሞኑን ጣና ዳር ተሰባስበን ስለ አጃይል አሠራር (ሶፍትዌርን በአጫጭር ዙሮች እየከፋፈሉ ስለ መሥራት) ስንወያይ፣ ጨዋታው ሁሉ «ቡድናችን በአንድ ስፕሪንት ምን ያህል ሥራ ይችላል?» ወደሚለው አዘነበለ፤ ስፕሪንት ቡድኑ አንድ ግብ ይዞ የሚሠራበት አጭር የሥራ ዙር ነው። ሰዓቱ ስላልበቃ የቀሩትን ጥያቄዎች በጽሑፍ ተቀብዬ እንደሚከተለው መልሻለሁ።

ጥያቄ፦ ስድስት ሰዎች ነን፤ ስፕሪንታችን ሁለት ሳምንት ነው። በአሥር የሥራ ቀን፣ በቀን ስምንት ሰዓት አስልተን 480 ሰዓት እናቅዳለን፤ ነገር ግን አንድም ጊዜ ጨርሰን አናውቅም። ስሕተታችን የት ላይ ነው?

መልስ፦ ማባዛቱን ሠርታችሁ መቀነሱን ትታችሁታል። ቀጣዩ ስፕሪንት ጥር ላይ ይዋል እንበል። ጥምቀት በሥራ ቀን ከዋለ ከ60ው የሰው ቀን (ስድስት ሰው በአሥር ቀን) ስድስቱ ይወድቃሉ። (በከተራ ከሰዓት በኋላ ሥራ ይሠራል ብሎ የሚያቅድ ሰው ባሕር ዳርን አያውቃትም፤ ስሌቱ እንዳይወሳሰብ ብዬ ግን አልፌዋለሁ።) አንድ ባልደረባ የሦስት ቀን ፈቃድ ከወሰደ 51 ይቀራል። የስፕሪንት ዕቅድ፣ ግምገማና ሪትሮስፔክቲቭ (አሠራሩን መለስ ብሎ ማየት) ተደምረው ከእያንዳንዱ ሰው አንድ ቀን ያህል ስለሚወስዱ 45 ላይ እንደርሳለን። ከስምንቱ የሥራ ሰዓት ስታንድአፑ (የየዕለቱ አጭር ስብሰባ)፣ ስልኩ፣ ኢሜይሉና ቡናው ወጥተው ለባክሎጉ (ተራ ለሚጠብቁ ሥራዎች ዝርዝር) ስድስት ሰዓት ከተረፈ መልካም ነው፤ ይህም 270 ሰዓት ይሆናል። ፕሮዳክሽን ላይ (ደንበኛው በሚጠቀምበት ሲስተም ላይ) በድንገት የሚፈጠር ብልሽት ባለፉት ስፕሪንቶች በአማካይ 40 ሰዓት ከበላ 230 ይተርፋል፤ እኔ ከዚህ ውስጥ ሥራ የምመድብለት 80 በመቶውን፣ ማለትም 184 ሰዓቱን ብቻ ነው። ከ480 ወደ 184 መውረዱ ያስደነግጣል፤ ከጎደለው ውስጥ ሆን ብላችሁ የምትተዉት ግን 46ቱን ሰዓት ብቻ ነው፤ ሌላው ከመጀመሪያውም በእጃችሁ አልነበረም።

ጥያቄ፦ ሥራ አስኪያጃችን ያንን 20 በመቶ «ስንፍና» ይሉታል። ምን ብለን እናስረዳቸው?

መልስ፦ ስለ ወረፋ ይንገሯቸው። ሥራው በዘፈቀደ በሚመጣበትና የሚፈጀውም ጊዜ በዘፈቀደ በሚለዋወጥበት፣ አንድ አገልጋይ ብቻ ባለበት ቀላል የወረፋ ስሌት፣ አገልጋዩ 50 በመቶ ሲያዝ አንድ ሥራ ተራው እስኪደርስ በአማካይ የሚጠብቀው እሱን ለመሥራት የሚፈጀውን ያህል ጊዜ ነው። በ80 በመቶ መጠበቂያው አራት እጥፍ፣ በ90 በመቶ ዘጠኝ እጥፍ፣ በ95 በመቶ ደግሞ አሥራ ዘጠኝ እጥፍ ይሆናል። የሶፍትዌር ቡድን ከዚህ ስሌት ጋር ቁርጥ አንድ ባይሆንም፣ ጠባዩ ይኸው ነው፦ ከ80 በኋላ የምትጨምሩት እያንዳንዱ መቶኛ የሚያተርፈው ጥቂት፣ የሚያዘገየው ብዙ ነው። ሥራ አስኪያጁ የሚያዩት የሰዎቹን መያዝ ነው፤ ደንበኛው የሚያየው ግን የሥራውን መድረስ ነው።

ጥያቄ፦ እኛ በስቶሪ ፖይንት (የሥራዎችን ክብደት በሚያነጻጽር ነጥብ) እንጂ በሰዓት አንገምትም። ይህ ሁሉ ስሌት ያስፈልገናል?

መልስ፦ ሁሉም አያስፈልጋችሁም። ያለፉት ሦስት ስፕሪንቶች 31፣ 24 እና 29 ፖይንት ከጨረሱ አማካዩ 28 ነው። በደህናው ጊዜ 54 የሰው ቀን ኖሯችሁ አሁን 45 ብቻ ካላችሁ፣ 28ን በዚያው መጠን ቀንሳችሁ 23 ገደማ ያዙ። ስብሰባው፣ ስልኩና ብልሽቱ በቬሎሲቲው (በአንድ ስፕሪንት በአማካይ በሚጨረሰው ፖይንት) ውስጥ ስላሉ ዳግመኛ አይቀነሱም። መብራት ሲጠፋና ኔትወርክ ሲቆራረጥ ስለሚባክነው ጊዜ የጠየቃችሁም መልሳችሁ ይኸው ነው፤ እንደወትሮው ከሆነ ቁጥሩ ውስጥ አለ። አደራ፣ የእናንተን ፖይንት ከሌላ ቡድን ፖይንት ጋር አታወዳድሩ፤ የደመወዝ ጭማሪ ከፖይንት ጋር የታሰረ ዕለት ሥራው ሳይጨምር ፖይንቱ ማደግ ይጀምራል።

ጥያቄ፦ ደንበኛችን የመንግሥት መሥሪያ ቤት ነው። በጀቱ ሰኔ 30 ስለሚዘጋ ከዚያ በፊት አስረክቡ ይለናል። ግንቦት ላይ ሦስት ሰው ብንጨምር እንደርሳለን?

መልስ፦ አትደርሱም፤ ይባስ ልትዘገዩ ትችላላችሁ። በአይቢኤም የኦኤስ/360ን (የኮምፒውተር ሥርዓተ ክወና) ሥራ የመራው ፍሬድ ብሩክስ በ1975 እ.ኤ.አ. ያሳተመው መጽሐፍ ዋነኛ ትምህርት ይኸው ነው፦ በዘገየ ሶፍትዌር ላይ ሰው መጨመር የበለጠ ያዘገየዋል። አዲሶቹን የሚያሠለጥኑት ሥራውን የሚያውቁት ነባሮቹ ናቸው። የመነጋገሪያ መስመሩም ይበዛል፤ በስድስት ሰው መካከል 15 የነበረው በዘጠኝ ሰው መካከል 36 ይሆናል። ማምሸትም ቢሆን ወሰን አለው፤ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ትርፍ ሰዓትን በቀን ከ4፣ በሳምንት ከ12 ሰዓት እንዳያልፍ ይገድባል። ሕጉ ባይኖርስ? የደንገል ታንኳ ውኃ እየጠጣ ስለሚከብድ፣ ባለቤቱ ዳር አውጥቶ ካላደረቀው ትናንት የቻለውን ጭነት ነገ አይችልለትም፤ ሁለት ወር ያመሸ ቡድንም እንደዚያው ነው። የሚያዋጣው ሚያዝያ ላይ ከደንበኛው ጋር ተቀምጦ፣ ለርክክቡ ግድ የሚሉትን ክፍሎች ለይቶ፣ የቀሩትን ወደ አዲሱ በጀት ዓመት ማሻገር ነው። ሰው መቅጠር ካለባችሁ ሐምሌ ላይ ቅጠሩ።

ጥያቄ፦ ከፖሊ (ከባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት) የተመረቀ ጀማሪ ተቀብለናል። እንደ አንድ ሰው ይቆጠራል?

መልስ፦ በመጀመሪያው ወር ግማሽ ሰው ብላችሁ ያዙት፤ ከሚያሠለጥነው ሰው ላይም ሩብ ቀንሱ። ይህ የእኔ ልምድ እንጂ ደንብ አይደለም።

ጥያቄ፦ ያቀድነውን ሁሉ ካልጨረስን ቃላችንን አጥፈናል ማለት ነው?

መልስ፦ አይደለም። የስክረም (የታወቀው የአጃይል አሠራር) መመሪያ በ2011 እ.ኤ.አ. ሲሻሻል፣ ለስፕሪንቱ የሚመረጠው ሥራ «ቃል የተገባበት» መባሉ ቀርቶ «ትንበያ» ተባለ። በ2020ው እትም ቡድኑ የሚታሰርበት የስፕሪንቱ ግብ ነው። ግቡ ተሳክቶ ሁለት ሥራ ቢተርፍ ወደ ባክሎጉ ይመለሳል፤ ማንንም ይቅርታ መጠየቅ አያስፈልግም።

ጥያቄ፦ ይህን ሁሉ ለማስላት የትኛውን ሶፍትዌር እንግዛ?

መልስ፦ ምንም አትግዙ። አንድ የኤክሴል ገጽ ላይ የሰዎቹን ስም ወደ ታች፣ ቀኖቹን ወደ ጎን ጽፋችሁ በዓላቱንና ፈቃዱን አቅልሙ። ኢድ አልፈጥርና አረፋ በጨረቃ ስለሚወሰኑ ሁለት ሁለት ቀን በእርሳስ ያዙላቸው። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ መሠረት አንድ ሠራተኛ በመጀመሪያው ዓመት አገልግሎቱ 16 የሥራ ቀን ፈቃድ አለው፤ ስለዚህ ስድስት ሰው ቢያንስ 96 ቀን አለው ማለት ነው፤ ማን መቼ እንደሚወጣ ከወዲሁ ጠይቁ፤ አለበለዚያ ሁሉም ፋሲካ ላይ ይወጣል። ገጹን ለስፕሪንቱ ዕቅድ ስትቀመጡ ለማደስ ሩብ ሰዓት ይበቃችኋል።