ለስኳር ተኝተው ቲቢ ለተገኘባቸው አባት፦ ለጠየቅሽን እህት

እህቴ፣ ጥያቄሽን ደግሜ አነበብኩት። አባትሽ 61 ዓመታቸው ነው። ስኳር አለባቸው። በእግር ቁስል ሆስፒታል ተኝተው ሳለ በሦስተኛው ሳምንት ሳል በዛባቸው፣ አክታቸው ሲመረመር ቲቢ ተገኘ። «ከሆስፒታሉ ነው የያዛቸው? ሲያስታምም የከረመው ወንድሜስ? የሁለት ዓመት ልጄስ? ዕቃ እንለይ?» ብለሻል። እኔ ነርስ ነኝ። ተኝቶ መታከሚያ ክፍል ብዙ ዓመት ሠርቼ አሁን ቲቢ ክፍል ነኝ። ከማየው ልንገርሽ።

ከሆስፒታሉ ያዛቸው የሚለው ብዙም አይመስለኝም። የቲቢ ጀርም ዛሬ ገብቶ ነገ አያስልም። በሽታ እስኪሆን ብዙ ጊዜ ወራት፣ አንዳንዴም ዓመታት ይፈጃል። ከዓለም ሕዝብ ሩብ ያህሉ ጀርሙ ገብቶበታል ተብሎ ይገመታል። ከእነዚህ በዕድሜ ዘመናቸው የሚታመሙት ግን ከ5 እስከ 10 በመቶ ናቸው። የቀረውን ሰው ሰውነቱ እንደ ተዳፈነ እሳት ይዞት ይኖራል። አመዱን የሚገልጥ ነገር ሲመጣ ነው ችግሩ።

ያ ገላጭ ደግሞ ብዙ ጊዜ ሰውየውን አልጋ ያስያዘው ሕመም ራሱ ነው። ስኳር ያለበት ሰው በቲቢ የመታመም ዕድሉ ከሌላው ከሁለት እስከ ሦስት እጥፍ ይሆናል፤ ስኳሩ ከፍ ብሎ ከከረመ ይብሳል። ኤችአይቪ ከዚህም በጣም ይበልጣል። ኩላሊት እጥበት ላይ ያሉ፣ ለአስምም ሆነ ለሌላ ሕመም ፕሬድኒሶሎን (የሰውነትን መከላከያ የሚያዳክም መድኃኒት) ለረጅም ጊዜ የሚወስዱ፣ ሲጋራና መጠጥ የሚያበዙ፣ ሁሉም እዚህ ውስጥ ናቸው። የተኝቶ ታካሚ ክፍልን ዞር ዞር ብለሽ ብታዪው እኮ የሞላው በእነዚህ ሰዎች ነው።

ከሁሉም የሚረሳው የምግብ ነገር ነው። የዓለም ጤና ድርጅት የ2023 እ.ኤ.አ. ግምት ላይ ብዙ ሰው ለቲቢ በማጋለጥ ከኤችአይቪም ከስኳርም በልጦ የተቀመጠው በቂ ምግብ ማጣት ነው። ህንድ ጃርክሃንድ ውስጥ የቲቢ ታማሚ ላለባቸው ቤተሰቦች የምግብ ድጎማ ተሰጥቶ ነበር። ከቤተሰቡ አዲስ የሚታመሙት ወደ 40 በመቶ ገደማ ቀነሱ። ምግብና ቫይታሚን ብቻ ነው የተጨመረላቸው! ስለዚህ አባትሽ «አልበላም» ሲሉ ዝም አትበሉ። እንቁላሉም፣ ሽሮውም፣ ምስሩም ለስኳራቸው በሚስማማ መጠን ይቅረብላቸው።

አሁን የሚያበሳጨኝን ልንገርሽ። በእነዚህ ሰዎች ላይ ቲቢ መደበቂያ አያጣም። አባትሽ ከሱ፣ «ስኳሩ ነው» ተባለ። አተኮሳቸው፣ «ቁስሉ ነው» ተባለ። ሳሉ፣ «ብርድ ነው» ተባለ። ኤችአይቪ ያለበትም ሲከሳ በዚያው ይመካኛል። የኩላሊት ታማሚም ሲደክመው እንደዚያው። አንዱን ብቻ ካየሽው ምክንያት አለው። አንድ ላይ ስታስቀምጪው ነው ቲቢ የሚመስለው። ለዚህ ነው አራቱን ነገር አንድ ላይ የምንጠይቀው፦ ሳል አለ? ትኩሳት አለ? ማታ ልብስ የሚያስቀይር ላብ አለ? ክብደት ቀንሷል? ሳሉ ሁለት ሳምንት ከሞላው አክታ ይመርመር። ኤችአይቪ ላለበት ሰው ግን ሁለት ሳምንት መጠበቅ የለም፤ ቀኑ ምንም ያህል ይሁን ይጠየቃል። «የሳንባ ምች ነው» ተብሎ መድኃኒት ጨርሶ ሳሉ ያልተወው ሰው ካለ ደግሞ አስታማሚው ራሱ «አክታውስ አይታይም?» ብሎ ይጠይቅ። ማንም አይቆጣም። ቢቆጣም ይቆጣ።

እኔ ክፍል ውስጥ የምፈራው ቲቢ ተብሎ መድኃኒት የጀመረውን ሰው አይደለም። እሱ ታውቋል። መድኃኒቱ ጀርሙን የሚገድል ከሆነና በትክክል ከወሰደ፣ በሳምንታት ውስጥ የማስተላለፍ ዕድሉ በጣም ይቀንሳል። የምፈራው ጥግ ላይ ተኝቶ የሚያስለውን፣ ገና ስም ያልወጣለትን ነው። ነርሶችም ቲቢ የሚይዘን በአብዛኛው ከእንደዚህ ዓይነቱ ይመስለኛል።

መስኮቱ ደግሞ አለ! ከአስታማሚ ጋር የምጣላው በእሱ ነው። ቀን እኔ እከፍታለሁ፣ ማታ አስታማሚ ይዘጋል። «ሲስተር፣ ብርድ ይመታቸዋል!» ይሉኛል። ስምንት አልጋ በአንድ ክፍል፣ በየአልጋው ሥር አንድ አስታማሚ ብርድ ልብስ አንጥፎ፣ በሩም መስኮቱም ድርግም። ከሚያስል ሰው የወጣው ጀርም እንዲህ ያለ ክፍል ውስጥ ለሰዓታት አየር ላይ ይንሳፈፋል። ጋቢ ደርቡላቸው፣ መስኮቱን ግን ተዉት። ከተቻለ ትይዩ ያለውም ይከፈት፤ አየሩ በአንዱ ገብቶ በሌላው መውጣት አለበት። የሚያስለው ሰው ማስክ ያድርግ። አክታ ሲሰጥም ከክፍሉ ወጥቶ፣ ሰው በሌለበት ሜዳ ላይ ይሁን። ምራቅ ደግሞ አክታ አይደለም፤ ከደረት በሳል የወጣ ነው የሚፈለገው።

ወደ ወንድምሽ ልምጣ። እሱ ሁለት ቦታ ተጋልጧል፣ ከአባትሽም ከክፍሉም። ባይታመምም ጤና ጣቢያ ሄዶ «የቲቢ ታማሚ አስታምሜያለሁ» ይበል። ኤችአይቪና ስኳርም ይመርመር። አባትሽም ኤችአይቪ ካልተመረመሩ ይመርመሩ፤ ቲቢ የተገኘበት ሁሉ የሚደረግለት ነው፣ እንደ ስድብ አይቆጠር።

ልጅሽ ግን ቅድሚያ አላት። ከአምስት ዓመት በታች ያሉ ልጆች ጀርሙ ከገባባቸው ቶሎ ይታመማሉ፣ ወደ ጭንቅላትም ሊወጣባቸው ይችላል። ሲወለዱ የሚሰጠው ቢሲጂ ከዚህ ከባዱ ዓይነት ይከላከላል፤ ሙሉ በሙሉ ግን አይደለም። ስለዚህ «ተከትባለች» ብለሽ አትዘናጊ። ነገ ይዘሻት ሂጂ። ክብደቷ ይታይ፣ ትመርመር። ቲቢ ከሌለባት እንደ ኪሎዋ የመከላከያ መድኃኒት ይሰጧታል። ጤነኛ ልጅ ለምን መድኃኒት ትውጣለች የሚሉሽ ዘመዶች ይኖራሉ፤ አትስሚያቸው።

ዕቃ አትለዩ። ቲቢ በሳህንና በብርጭቆ አይተላለፍም፣ በአየር ነው። ትልቅ ሰውን በገዛ ቤቱ ብርጭቆ ለይቶ ማስቀመጥ ደግሞ ልብ ይሰብራል። ይልቅ ለመጀመሪያዎቹ ሳምንታት መስኮት ያለው ክፍል ለብቻቸው ይተኙ፣ ሕፃኗም አጠገባቸው አትደር።

ስለ መድኃኒቱ። በመንግሥት ጤና ተቋም በነፃ ነው። የተለመደው ቲቢ ከሆነ ስድስት ወር ነው፦ ሁለት ወር አራት ዓይነት መድኃኒት በአንድ እንክብል፣ ከዚያ አራት ወር ሁለት ዓይነት። ሽንታቸው ብርቱካንማ ይሆናል፤ ደም ነው ብለው አይደንግጡ። ሁለተኛው ወር ላይ ሳሉ ጠፍቶ፣ ምግብ ሲጥማቸው «ድኛለሁ» ይላሉ። ብዙ ሰው የሚያቋርጠው እዚያ ላይ ነው።

ለስኳር ታማሚ አንድ ልዩ ነገር አለ። ከቲቢ መድኃኒቶቹ አንዱ፣ ሪፋምፒሲን የሚባለው፣ ግሊቤንክላማይድን የመሰሉ የስኳር እንክብሎችን ኃይል ይቀንሳል። ቲቢው ራሱም ስኳሩን ከፍ ያደርገዋል። ስለዚህ ስኳራቸው ቶሎ ቶሎ ይለካ፤ ሐኪሙ ወደ ኢንሱሊን ሊያዞራቸው ይችላል። እግራቸውን ማቃጠልና መደንዘዝ ቢጀምራቸው «ስኳሩ ነው» ብላችሁ አትለፉት፣ ሌላው የቲቢ መድኃኒት አይሶናያዚድም እንዲህ ያደርጋል። ይህን ለመከላከል ቫይታሚን ቢ6 ታዞላቸው እንደሆነ ጠይቂ። ዓይናቸው ቢጫ ከሆነ ወይም ትውከት ከጸናባቸው የዚያኑ ዕለት ጉበታቸው ይታይ። አረቄም የባህል መድኃኒትም ከዚህ ጋር አይደባለቅ።

አንድ ነገር አልጻፍሽም። ምርመራው ጂን ኤክስፐርት በሚባለው የአክታ መመርመሪያ ማሽን ከሆነ ወረቀቱ ላይ ጀርሙ ሪፋምፒሲንን የተላመደ (መድኃኒቱ የማይገድለው) መሆን አለመሆኑም ይጻፋል። ተላምዷል የሚል ከሆነ ሕክምናው ሌላ ነው፣ የልጅሽም የመከላከያ መድኃኒት ይለያል። ወረቀቱን ተመልክተሽ ምን እንደሚል እዚሁ ጻፊልኝ። የአባትሽን ስምና የካርድ ቁጥር ግን እንዳትለጥፊ።